ክኒኑን እየዋጥኩ ዳገቱ ለምን አቃተኝ?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፦ የምጽፍልዎ ከደምበጫ ነው። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን በወለድኩ በሁለተኛው ሳምንት የግራ ባቴ አበጠ። ‹ብርድ ገብቶሽ ነው› ተባልኩና በቅቤ ታሸሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአልጋ ልነሳ ስል ደረቴን ወጋኝ፣ ትንፋሼ ጠፋ፣ ወደቅሁ። በአምቡላንስ ደብረ ማርቆስ ወሰዱኝ። ሳንባዬ ውስጥ ደም ረግቷል አሉ። ኦክስጅን ተሰጠኝ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ዋርፋሪን ታዞልኝ ወጣሁ። አሁን ሦስት ወር ከምናምን ሆነኝ። ክኒኔን አንድም ቀን አላስታጎልኩም፤ ሰውነቴ ግን አልተመለሰም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውን ትንሽ ዳገት ሦስቴ ቆሜ ነው የምወጣት። ሁለት እንጀራ ጋግሬ እቀመጣለሁ። እናቴ ‹ተኚ› ትለኛለች፤ ባለቤቴ ባዶ ጀሪካን እንኳ አያስነሳኝም። ጎረቤት ደግሞ ‹መተኛት ለመደች› ማለት ጀምሯል። ሌሊት ትንፋሼን ሳዳምጥ አድራለሁ። ጎመን ጭራሽ እንዳትበዪ ተብያለሁ፤ ሁዳዴ ደግሞ ገባ። የወር አበባዬ ተመልሷል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ይበዛል። የወሊድ ፈቃዴም አልቋል። እኔ መቼ ነው ሰው የምሆነው? — ደክሞኝ ነኝ»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አንቺን እንኳ የማረችሽ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከወሊዱም፣ ከዚያ በኋላ ከመጣብሽም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው ዳገቱ ላይ አይደለም። «ክኒኔን አላስታጎልኩም፣ ሰውነቴ ግን አልተመለሰም» ያልሽው ላይ ነው። ክኒኑ የማይሠራውን ሥራ እየጠበቅሽበት ነው። ዋርፋሪን ዘበኛ ነው። የረጋው ደም እንዳይጨምር፣ ሌላ አዲስ እንዳይመጣ ይጠብቃል። የረጋውን ራሱን አያሟሟውም። እሱን ቀስ እያለ የሚያሟሟው የራስሽ ሰውነት ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። የጠፋው ጉልበት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። እሱን ክኒንም አይመልሰውም፣ አልጋም አይመልሰውም። የሚመልሰው በልኩ መንቀሳቀስ ነው፤ እስካሁን ያላገኘሽውም እሱን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የማክም ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒትሽን አልቀንስም፣ አልጨምርም፣ አቁሚም አልልሽም። ሦስት ወር ሞላኝ ብለሽ አንቺም በራስሽ እንዳታቆሚ። ከወሊድ ጋር ተያይዞ የመጣ የደም መርጋት ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር ይታከማል። መቼ እንደሚበቃ የሚወስነው ግን የሚከታተልሽ ሐኪም ነው።

በመጀመሪያ «ብርድ» የተባለው ነገር ብርድ አልነበረም። እርጉዝ ሴት በወሊድ ጊዜ ደም እንዳይፈስሳት ተብሎ ደሟ ቶሎ እንዲረጋ ሆኖ ይዘጋጃል። ማኅፀን ሲያድግ ከእግር የሚመለሰውን ደም ይጫናል። ኦፕራሲዮን ሲጨመርበት፣ ከዚያም በላዩ ላይ መተኛት ሲመጣ፣ ደሙ ባት ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ተቆርሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጉት ናቸው። የእኛ አገር የአራስ ደንብ ደግ ደንብ ነው፤ ገንፎው፣ ቅቤው፣ ሥራ አለማስነካቱ፣ ሰው ሁሉ መሰብሰቡ። ከአልጋ አትውረጂ የሚለውን ግን አልወደውም። አራስ ቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት አለባት። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ ደግሞ ማሸት አይደለም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። ይኼን አንቺን ለመውቀስ አላልኩትም። ይህን ዓምድ የሚያነቡ እናቶችና አማቶች ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ድካሙ። ብቻሽን አይደለሽም። የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶባቸው ከተረፉ ሰዎች ውስጥ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከወራት በኋላም ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይም ይደክማቸዋል። አብዛኞቹ ሲመረመሩ ሳንባቸው ላይ አዲስ ችግር አይገኝም። የሚገኘው የሰለለ ጡንቻና ሥራ የፈታ ልብ ነው። ቴኒስ ተጫዋቿን ሴሬና ዊሊያምስን ሳታውቂያት አትቀሪም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ልጇን በኦፕራሲዮን በወለደች ማግስት እንዳንቺው ሳንባዋ ውስጥ ደም ረጋባት። ያቺ ብረት የመሰለች ሴት፣ ሐኪምና አሠልጣኝ የማይጠፋት፣ ስድስት ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቅቷት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳለች። ዋንጫውን አልበላችም እንጂ። አንቺ ዊምብልደን አትሄጂም፤ ደምበጫ ላይ አንዲት ዳገት ነው የቀረችሽ።

ግን ከመራመድሽ በፊት ሁለት ነገር ይታይልሽ።

አንደኛው የደም ማነስ ነው። ወልደሻል፣ ኦፕራሲዮን ሆነሻል፣ ዋርፋሪን ላይ ነሽ፣ የወር አበባሽ በዝቷል፣ ታጠቢያለሽ። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳየው፣ ዳገት ላይ የሚያስቆምሽ ሳንባሽ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደም ያነሰው ሰው ሳንባው ደህና ቢሆንም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ሁለት እንጀራ ጋግሮ ይቀመጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ሄሞግሎቢኔ (የደሜ መጠን) ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ምርመራው ቀላል ነው፣ ጤና ጣቢያም ይሠራል። አይረን ከታዘዘልሽ በደንብ ዋጪው። ቡናና ሻይን ደግሞ ከምግብ ጋር አታገናኚው፤ አንድ ሰዓት ያህል አራርቂው፤ ምግብ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋልና። ጎጃም ውስጥ ከምሳ በኋላ ቡና አትጠጪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። አትጠጪ አላልኩሽም፤ ቆይተሽ ጠጪ ነው ያልኩሽ።

ሁለተኛው የልብ ምርመራ ነው። ከመቶ ሰው ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑት ላይ የረጋው ደም ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ጠባሳ ሆኖ ይቀርና የሳንባን ደም ሥር ግፊት ይጨምራል፤ ቀኙን የልብ ክፍል ያደክማል። ጥቂት ሰው ነው፤ አንቺ ከእነሱ ነሽ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ በትክክል ታክሞ ትንፋሹ አሁንም የሚያጥረው ሰው ይህ እንዲታይለት ያስፈልጋል። ቀድሞ ከታወቀ ሕክምና አለው። ምርመራው ኢኮ የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሐኪሙ ጋ ስትገቢ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ይደክመኛል» አትበዪ። እኛ ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ይሉኝታ ይይዘናል። እንዲህ በዪ፦ «ሦስት ወር አለፈኝ፤ ትንሽ ዳገት ላይ ሦስቴ እቆማለሁ፤ ኢኮ ያስፈልገኛል ወይ?» ከዚህ በላይ ግልጽ አባባል የለም።

እሺ፣ እነዚህን ጠይቀሽ፣ ሐኪምሽም መንቀሳቀስ ትችያለሽ ካለሽ፣ በማግስቱ ጠዋት ጀምሪ።

ልጁን ለእናትሽ ስጪ። ለጥ ያለ መንገድ ምረጪ። አምስት ደቂቃ ሂጂ፣ አምስት ደቂቃ ተመለሺ። በቃ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሚው። ፍጥነትሽን የምትለኪው በወሬ ነው። አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ መሄድ ከቻልሽ ልክ ነሽ። መዝሙር መዘመር ከቻልሽ ትንሽ ጨምሪ። ሁለት ቃል ተናግረሽ ትንፋሽ የምትስቢ ከሆነ ቸኩለሻል። ትንሽ ማለክለክ አይጎዳሽም፤ ሳንባሽ አይቀደድም፤ የረጋው ደምም ስለተራመድሽ ተነስቶ አይሄድም። ብዙ ሰው በልቡ የሚፈራው ይህንን ነው፤ አይጠይቅም እንጂ።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። አንዳንድ ቀን ጥሩ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ምክንያቱ ሳይታወቅ እግርሽ እርሳስ ይሆናል። ጥሩ ቀን ስታገኚ የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥበሽ እንዳትጨርሺ። የብዙዎች ችግር እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ይጀግኑና ሦስት ቀን ይተኛሉ። በማግስቱ መነሳት ካቃተሽ አብዝተሻል ማለት ነው። ያኔ ወደ አልጋ አትመለሺ፤ ወደ ቀደመው ደቂቃ ተመለሺ።

ቤት ውስጥም የሚሠራ አለ። ጀበናው እስኪፈላ ግድግዳ ይዘሽ ቁሚና ተረከዝሽን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጊ። ባት ሲኮማተር የእግርን ደም ወደ ላይ ይገፋል፤ ለአንቺ ከሁሉ የሚጠቅመው ጡንቻ እሱ ነው። ከዚያ ከበርጩማ ላይ በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ተቀመጪ። አምስት ጊዜ ይበቃል። በሳምንቱ ሰባት፣ ከዚያ አሥር። የበርጩማው ዝቅታ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ከፍ ካለ ወንበር ጀምሪ።

ግማሽ ሰዓት ሳትቆሚ በሜዳ ስትሄጂ ወደ ዳገትሽ እንመለሳለን። ዳገት ላይ ስህተቱ ትንፋሽ እስኪቆረጥ ሄዶ መቆም ነው። ያኔ ለመመለስ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ፍርሃቱም ይመጣል። አንቺ ሳይደክምሽ ቁሚ። ቀድመሽ ሦስት ቦታ ምረጪ፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ አጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር። ደከመሽም አልደከመሽም እዚያ ቦታ ላይ ሃያ ትንፋሽ ያህል ቆመሽ ትቀጥያለሽ። ዣንጥላሽን ተደገፊ። ስትወጪ ሁለት እርምጃ በአፍንጫ ሳቢ፣ አራት እርምጃ ከንፈርሽን አሹለሽ አስወጪ። ሳምንት ሳይሞላ ከሦስቱ ማረፊያዎች አንዱን መዝለል ትጀምሪያለሽ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ሁለት ሳምንትም ይሁን ወር፣ አንድ ቀን ግን ዛፉ አጠገብ ሳትቆሚ ታልፊያለሽ።

ሌላም አለ። የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደምበጫም ከፍ ይላል። ለክትትል ስትሄጂ ደምበጫ የማያስቸግርሽ እርምጃ እዚያ ቢያስቸግርሽ አትደንግጪ፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ለመራመድ ትቀልሻለች፤ ዘመድ ካለሽ ጥቂት ቀን ሰንብተሽ ሐይቁ ዳር ብትሄጂ አልጠላም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ አናት ግን ለጊዜው ይቆይሽ።

መንገድ ካነሳን፣ ከአራት ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ለእንደ አንቺ ዓይነቱ ሰው ጥሩ አይደለም። ዓባይ በረሃን አቋርጠሽ አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ መኪናው በቆመበት ሁሉ ውረጂና ተራመጂ። ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ። መጸዳጃ ቤት የለም ብለሽ ውሃ ሳትጠጪ እንዳትውዪ። ሴቶች ሁሉ የምናደርገው ነው፤ ደምን የሚያወፍረው ግን እሱ ነው።

የቤት ሥራውን በተመለከተ ባለቤትሽ ደግ ሰው ነው፤ ግን ባዶ ጀሪካን እንኳ ላንሳ በዪው። ሃያ ሊትሩን አይደለም። በአምስት ሊትር ጀምሪ፣ በሁለት እጅ በትንሽ ትንሹ፤ ሚዛንሽም አይዛባም። ሕፃኑን አዝለሽ መሄድ ክብደት ጨምሮ መሄድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ እሱ፣ ሲለመድ በአንቀልባ። እንጀራው ላይ ደግሞ የሚጎዳሽ ሙቀቱና ጭሱ ነው። በማገዶ ከሆነ የምትጋግሪው በርና መስኮት ክፈቺ፣ አብሲቱን አንቺ አዘጋጂ፣ ምጣዱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ካለሽ አምስት ጋግረሽ አርፊ፣ ሌላ አምስት ጋግሪ። ሙሉ ሙሉውን በአንድ ቁጭታ የሚያስጨርስ ሕግ የለም።

ባትሽ ማታ ማታ ካበጠ ከልብሽ ከፍ አድርገሽ አጋድሚው። ለወጌሻ ግን አትስጪው። በቅቤም፣ በቫዝሊንም፣ በምንም አይታሽ። ዋግምትም አይሞከርም፤ ዋርፋሪን ላይ ላለ ሰው የቆዳ መበጣት ቀልድ አይደለም።

አሁን የሌሊቱን ነገር። አንድ ጊዜ ትንፋሹ ጠፍቶ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ቢያዳምጥ አይፈረድበትም። ፍርሃት ራሱ ልብን ያስመታል፣ ደረትን ያጨንቃል፤ ከዚያ «መጣብኝ» ያሰኛል። ልዩነቱን ላሳይሽ። የድካም ትንፋሽ ስትሠሪ ይመጣል፣ ስታርፊ በጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። ስትሳሪ ወይም በጥልቅ ስትተነፍሺ ደረትሽን የሚወጋሽ የቆየ ውጋትም ለሳምንታት እየመጣ ሊሄድ ይችላል፤ የተጎዳው የሳንባ ክፍል እየዳነ ነው። የፍርሃት ትንፋሽ ደግሞ ተነስተሽ ተቀምጠሽ ቀስ ብለሽ ስታስወጪ እየረገበ ይሄዳል።

የማይጠበቅበት ሌላ ነው። ቁጭ ባልሽበት ትንፋሽ በድንገት ካጠረሽ፣ አዲስ የሚወጋ የደረት ሕመም ከመጣ፣ ከሳልሽው አክታ ጋር ደም ከታየ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ አንድ እግርሽ እንደገና ካበጠ፣ ይነጋል ብለሽ አትጠብቂ። በመድኃኒቱ በኩል ደግሞ ራስሽን ከተመታሽ፣ ከባድ ያልለመድሽው ራስ ምታት ከመጣ፣ ሽንትሽ ከቀላ፣ ሰገራሽ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ፣ እንዲሁ ሳትጠብቂ ሂጂ። አይረን የሚውጥ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ ያ አያስደነግጥሽ፤ የሚያጣብቅና ሽታው የተለየ ከሆነ ግን ሂጂ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ በአንቺም በባለቤትሽም ስልክ ላይ መዝግቡ። ስትደርሺም «ከዚህ በፊት ሳንባዬ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፣ ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለውን መጀመሪያ ተናገሪ። ሴሬናንም ያተረፋት እሱ ነው። ከዓመታት በፊት ያው ሕመም ይዟት ስለነበር ምልክቱን ለይታ «መርምሩኝ» ያለችው ራሷ ነበረች።

ጎመኑስ? «ጭራሽ እንዳትበዪ» ያለሽ ሰው ግማሹን ሰምቶ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚያስተካክለው አንቺ በምትበዪው ልክ ነው። የሚያስቸግረው መብላቱ አይደለም፤ መለዋወጡ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትበዪ ከሆነ ሁልጊዜም ሁለት ቀን ብዪ። የእኛ ችግር ግን ሁዳዴ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቤቱ በጎመንና በሽሮ ይከርማል፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ጎመኑ ይጠፋና ሥጋና ቅቤ ይገባል። ሁለቱም ጊዜ የደምሽ ቁጥር ሊዛነፍ ይችላል። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚሉት ቁጥር ለአንቺ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ሲወርድ ደም ሊረጋ፣ ከ3 እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪሙ ንገሪና በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ተመርመሪ። ቀኑን፣ ቁጥሩንና የክኒኑን መጠን በአንድ ደብተር ጻፊ፤ አስተማሪ ነሽ፣ ይህን እኔ አላስተምርሽም።

መጾም አለመጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። የምታጠባና የታመመች ሴትን አስጨንቀው የሚያስጾሙ ካህን አላጋጠሙኝም። የፍስክ ምግብ ብትተዪ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ አትቆዪ። ጠበልም የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ። ጠበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ግን ክኒኑንም ውሃውንም ከሰውነትሽ ያወጣል፤ በልኩ ይሁን።

ክኒን ከረሳሽ በዚያው ቀን ካስታወስሽ ዋጪው። ካደረ ግን ዝለዪው እንጂ በማግስቱ ሁለት አትዋጪ። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የሚባሉትን ከፋርማሲ ሄደሽ እንዳትገዢ፤ ከዋርፋሪን ጋር ሆነው ያደማሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። ለአሜባ ተብሎ እንደ ከረሜላ የሚወሰደው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ከመጠን በላይ ያንረዋል። ባክትሪምም እንደዚያው ነው። ማንኛውም ሰው መድኃኒት ሲሰጥሽ፣ ጥርስ ሲነቅልሽ፣ መቀመጫሽ ላይ መርፌ ሊወጋሽ ሲል ቀድመሽ ንገሪው። አረቄውን ለእንግዳ ተዪው። ልጅሽን ማጥባትሽን ግን አታቁሚ፤ ዋርፋሪን የምትወስድ እናት ማጥባት ትችላለች።

የወር አበባሽን ነገር በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ነው ያለፍሽው። ሐኪም ፊትም እንዲሁ እንዳታደርጊ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ብዙ ሴቶች ይበዛባቸዋል፣ ማንም አይጠይቃቸውም፣ እነሱም አይናገሩም። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም ከሳምንት በላይ የሚቆይ ከሆነ ተናገሪ። የእርግዝና መከላከያም አብሮ ይነሳ። ኤስትሮጅን ያለበት የሚዋጥ ክኒን ለአንቺ የተከለከለ ነው። የሦስት ወሩ መርፌም ከደም መርጋት ጋር ጥያቄ የሚነሳበት ስለሆነ በዘፈቀደ አትወጊ። ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ሉፕ የተሻሉ ምርጫዎች ናቸው፤ ተራው የመዳብ ሉፕ ግን የወር አበባን ሊያበዛ ይችላልና የአንቺን ሁኔታ ነግረሽ ተማከሪ። ሌላ ልጅ ስታስቡ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ንገሪያቸው። ዋርፋሪን ማኅፀን ውስጥ ላለ ልጅ ጉዳት አለው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። በመርፌ ይቀይሩልሻል፤ በሚቀጥለው እርግዝናም መከላከያ መውሰድሽ አይቀርም።

እናትሽን አትጣያቸው። ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ወድቃለች፤ «ተኚ» የሚሉት እሷን ላለማጣት ነው። ክርክር አያሳምናቸውም፤ አብረውሽ ይራመዱ። ሕፃኑን ይዘው ከኋላሽ ይምጡ፣ ስታወሪ ይስሙሽ። ጎረቤትን ግን ማሳመን የአንቺ ሥራ አይደለም። ፊት ላይ ስለማይታይ «ደህና እኮ ናት» ይላሉ፤ ይበሉ። ሊጠይቅ መጥቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ እንግዳ ሲኖር ይቅርታ ብለሽ ተነሺና መንገድሽን ሂጂ። ከፈለገ አብሮሽ ይሂድ።

ሥራውን በሚመለከት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሐኪም ማስረጃ ያዢ። ማስረጃው «ታማለች» ብቻ አይበል፤ ምን እንደማትችዪና ለምን ያህል ጊዜ ይጻፍበት። ዳይሬክተሩ ጋ ስትገቢ ተዘጋጅተሽ ግቢ። ለጊዜው ግማሽ ክፍለ ጊዜ፣ ተከታታይ ሳይሆን በመሃል ዕረፍት ያለው፣ ደረጃ የማያስወጣ ክፍልና አንድ ወንበር። ማስተማር ከምታስቢው በላይ ትንፋሽ ይበላል፤ ቆሞ መጮህ ነውና። ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ተማሪ አስነብቢ፤ የቡድን ሥራ ስጪ፤ የድምፅሽን ግማሽ ለቤት አስቀሪ። ተቀምጠሽ ስታስተምሪም በየክፍለ ጊዜው ተነሺ።

ሄሞግሎቢኑ ስንት ሆኖ እንደመጣና ስለ ኢኮው ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።